ቀዩ ምልክትና የድኩላው ጉበት

ውባንተ ዳፍንታም መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ላይ «ምስኪን፣ ሳያውቅ ነው» ብሎ የሚያዝንልኝ እንዳይኖር ነው። አውቅ ነበር።

ውባንተ አበልጄ ነው፤ ልጄን ጋሻዬን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። አበልጅ ከሥጋ ወንድም ይበልጣል ይላሉ ካህናቱ። ወንድም ቢኖረኝ ኖሮ አወዳድሬ እነግራችሁ ነበር። ከነአኩቶ ለአብ ደብር በታች፣ ገደሉ ሥር ባለችው መንደራችን አዳኝ የሚባል ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ እሱና እኔ ገለቴ። እሱ ይበልጠኝ ነበር። በጎልማሳነታችን የመንደሩን ፍየል የፈጀውን ነብር የጣለው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሠርግ በሆነ ቁጥር፣ ክርስትና በሆነ ቁጥር የሚፎከረው በሱ ስም ሆነ። እኔ ከአጠገቡ ተቀምጬ ሃያ ዓመት ሙሉ አጨበጨብኩ።

የሰባ ሰባቱ ረሀብ ከየቤታችን ብዙ ነገር ወሰደ። ከእኔ ቤት ሁለት ላምና አንዲት ሴት ልጅ፣ ከሱ ቤት ከብቱን በሙሉና ሚስቱን። በዓመቱ ዝናቡ ተመለሰ፤ እህሉም እንደ ነገሩ ተመለሰ። ወተትና ቅቤ ግን የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ ቀረ። ዳፍንት በየቤቱ የገባው ያኔ ነው። ዳፍንት የያዘው ሰው ፀሐይ ሳለች ጤነኛ ነው፤ መርፌ ውስጥ ክር ያሾልካል፣ ከምስር ውስጥ ጠጠር ይለቅማል። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ግን ሌላው ሰው ገና መንገዱን እያየ እሱ ግድግዳ ይዳብሳል። መድኃኒቱ ጉበት ነው። ሲጠበስ በእንፋሎቱ ዓይንን ይታጠኑታል፣ ከዚያ ይበሉታል፤ በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል። ይህን የማያውቅ የላስታ ሰው የለም። የቸገረው ጉበቱ ከየት እንደሚመጣ ነበር።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ ገብቶ ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ከነአኩቶ ለአብ ቅዳሴ አስቀድሰን ስንመለስ መንገድ ላይ መሸብን። ውባንተ የኩታዬን ጫፍ ያዝ አደረገ። ወዳጅነት መሰለኝ። ጅረቱን ስንሻገር ግን መርገጫውን ድንጋይ ስቶ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ያ ድንጋይ አባቶቻችን ያኖሩት ድንጋይ ነው፤ ተኝቶም አይስተውም ነበር።

«ዓይንህ ነው?» አልኩት።

«ለማንም አትንገር፣ በክርስትናችን። ዳፍንታም አዳኝ ቢሉኝ የት እገባለሁ?»

«ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። ለታመመ ሰው ጾሙን ይፈቅዱለታል። የሆነ ቦታ ጉበት አይጠፋም።»

«ቄሱ ሰምተው፣ ከዚያ ዲያቆኑ ሰምቶ፣ ከዚያ ገበያው ሰምቶ? ይቅርብኝ። ፋሲካም ሩቅ አይደለም።»

ምክሬ የእውነት ምክር ነበር። ያን ቀን ገና ክፉ አልነበርኩም።

ሳምንት ሳይሞላ ወታደሮቹ መጡ። ላሊበላ ላይ ከሰፈረው ጦር አንድ ሻምበል በየቀበሌው እየዞረ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይለቅም ነበር። ከእኛ ቀበሌ የቀረው ኮታ አንድ ሰው ነው። ዕድሜያቸው ደርሶ፣ ጫካም ሳይገቡ መንደር ውስጥ የተገኙ ደግሞ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ የእኔ ጋሻዬና የውባንተ አረጋ። ሁለቱም አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ለእሱም ለእኔም ከረሀቡ የተረፈልን አንድ አንድ ልጅ ነው። ወታደሮቹ ሁለቱንም የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ አስገብተው በሩ ላይ ዘብ አቆሙ። ጠዋት አንዱ ይሄዳል ተባለ። የትኛው እንደሆነ ለመወሰን ሻምበሉ አልቸኮለም።

የሻምበሉ ሐሳብ ሌላ ነበር። ጾም የሚባል ነገር ከተወ ቆይቷል፤ የድኩላ ሥጋ አምሮታል። ደግሞ ከሃምሳ አለቃው ከሀሰን ጋር ይዞት ከመጣው ጭቅጭቅ አልተላቀቀም። ጭቅጭቁ ስለ አንድ ጠመንጃ ነው። ረጅም ጠመንጃ ነው፤ ከላዩ መነጽር ተጭኖበታል፤ መነጽሩ ውስጥ ደግሞ መብራት አለው። ሻምበሉ ለምሽት አደን እንደሱ ያለ የለም ይላል። ሃምሳ አለቃው መጫወቻ ነው ይላል።

«ና አንተ፣ ተኳሽ ነህ አሉ፤ ፍረደን» አለኝ ሃምሳ አለቃ ሀሰንና ጠመንጃውን አስያዘኝ።

መጀመሪያ በብርሃን ወደ ማዶ አየሁ። ማዶ የቆመ ፍየል ከነጢሙ ዓይኔ ሥር መጣ። በመነጽሩ መሐል የጎጆ ጫፍ የምትመስል ጥቁር ምልክት አለች፤ ጥይቱ የሚሄደው ጫፏ ባረፈበት ነው። «አሁን ወደዚያ» ብሎ አፈሙዙን ወደ መጋዘኑ በር አዞረው። በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ጨለማ ነው። ምልክቷ ጠፋች። እሱ ከብብቱ ትንሽ ባትሪ ድንጋይ አውጥቶ መነጽሩ ጎን ካለች ቤቷ ውስጥ ከተታትና ማብሪያዋን ቀጭ አደረጋት። ምልክቷ እንደ ፍም ቀላች። እሷ ብቻ። ከእሷ ወዲያ ያለው ያው ጨለማ ነው። አንዱ ልጅ ሲያስል ነው አፈሙዙን ወደ ማን እንዳዞርኩ ትዝ ያለኝ፤ ደንግጬ አወረድኩት።

«አየህ?» አለኝ ሃምሳ አለቃው። «ቀዩ የሚነግርህ አንተ የት እንዳነጣጠርክ ነው። ድኩላው የት እንዳለ አይነግርህም። ያንን የሚያገኘው ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ ጨለማ ውስጥ ፍም ሲያይ ይደነዝዛል። በዚያ ላይ ድንጋዩ ሲበርደው አይሠራም፤ እንደ ጫጩት በብብት ይዤው ነው የምውል።»

«ሀሰን ግማሹን ነው የሚያወራው» አለ ሻምበሉ። «ስትጨልም አንዲት ሩብ ሰዓት አለች። እንስሳውን ዓይንህ ያየዋል፤ ምልክትህ ግን ጥቁር፣ እሱም ጥቁር። ጥቁር በጥቁር ላይ ምን ይታያል? ያቺን ሩብ ሰዓት ነው መብራቱ የሚያተርፍልህ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዤ ሄድኩ።

ውርርዱን ያመጣው የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው፤ ለሻምበሉ ደስ የሚል ነገር ሲፈልግ ውሎ። «ጓድ ሻምበል፣» አለ፣ «በእኛ አገር ግዳይ የመጀመሪያውን ደም ላፈሰሰ ነው። ቆዳውም ጉበቱም የእሱ ነው። ሁለቱም አዳኞቻችን የልጆቹ አባቶች ናቸው። ለምን አይሞክሩትም?»

ሻምበሉ ሳቀ። እየሳቀ ፈረደ። አንዱ በመነጽሩ፣ አንዱ በማኅበሩ አሮጌ ዲሞትፈር ጠመንጃ ይተኩሳል። የመጀመሪያውን ደም ያፈሰሰ ልጁን ይዞ ይገባል፤ የሌላው ልጅ ጠዋት ይሄዳል። ሥጋው የወታደሩ ነው። ጠመንጃውን በዕድሜ ታላቅ የሆነው ይምረጥ ተባለ። ውባንተ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል።

ያኔ ነው ውባንተ ክንዴን ይዞ ከበረቱ ኋላ የወሰደኝ።  

«አበልጄ፣ አንተ አይተኸዋል። መብራት አለው የሚሉት እንዴት ያለ ነው? ይረዳኝ ይሆን?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልነግረው እችል ነበር። ዲሞትፈሩን ይዞ ገና ብርሃን ሳለ ሁለታችንም ዕድላችንን እንሞክር ልለውም እችል ነበር። ልጄ ከመጋዘኑ ውስጥ ሲያስል ሰማሁት፤ ወይም አረጋ ነበር፤ ሳላቸው አንድ ነው። ለልጄ ብዬ ነው ብል ማንም አይፈርድብኝም። ግን ለልጄ ብቻ አልነበረም። የሃያ ዓመቱ ጭብጨባ እጄ ላይ ነበር።

«ጨለማውን ቀን ነው የሚያደርገው» አልኩት። «ከውስጡ ቀይ ብርሃን ይወጣና እንስሳው ላይ ያርፋል። ለአንተ ዓይን የተሠራ ነው ብትል አታብልም።»

ግንባሩን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። «አንተ ግን? አንተስ ልጅህ?» አለኝ።

«እግዜር ያውቃል» አልኩት።

ከመንደሩ በታች ድኩላ ለውሃ የሚወርድበት ወንዝ አለ። ሻምበሉና ሃምሳ አለቃው ከኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኛ ሃያ እርምጃ ወደፊት ቁጥቋጦ ሥር በደረታችን ተኛን። የውባንተ ውሻ ማንአለኝ ከጎኑ ተጋደመ። ያረጀ ውሻ ነው፤ ከረሀቡም እንዴት እንደተረፈ እንጃ። እኔ አፈሙዜ ጫፍ ያለችው ማነጣጠሪያ ላይ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ በጧፍ ሰም ለጠፍኩባት፤ ሲመሽ ነጣ ብላ ትታያለች። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ውባንተ ነው፣ ገና ጢም ሳናበቅል።

ፀሐይዋ ጠለቀች። ገደሉ ከታች ወደ ላይ ይጠቁር ጀመር። ወፎቹ ዝም ሲሉ ከወይራዎቹ መሐል ቀንዱ የተጠማዘዘ ወንድ ድኩላ ወጥቶ ውሃው ዳር ቆመ። መቶ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ጆሮውን ሲያወዛውዝ አየዋለሁ።

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ውባንተ ማብሪያዋን ተጫናት።

«አበልጄ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ቀይ ነገር አያለሁ። ሌላ ምንም አላይም። እስኪያበራ ጊዜ ይወስዳል?»

«ይወስዳል። ታገሥ» አልኩት።

ታገሠ። ቶሎ መተኮስ እችል ነበር፤ አልቸኮልኩም። አፈሙዙን ቀስ እያደረገ ከባዶ ገደል ወደ ባዶ ገደል ሲያዞር ጎኔ ሆኖ ይሰማኛል። ትንፋሹ እንደ ሕፃን ቶሎ ቶሎ ይላል። መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«የት ነው ያለው? ገለቴ፣ በሞትኩት፣ የት ነው? ወጥቷል እንዴ?»

ነጯን ልጣጭ ድኩላው ብብት ሥር አኖርኳትና ምላጩን ሳብኩ። ድኩላው ዘለለ፣ ሁለት ጊዜ ተንገዳገደ፣ ወደቀ። ውባንተ የእኔን ተኩስ ሰምቶ እሱም ተኮሰ። ጥይቱ ማዶ ያለ ቋጥኝ ላይ እሳት ጫረች፤ ድኩላው ከወደቀበት ምናልባት ሰባ ክንድ ወዲያ።

ከኋላችን ሃምሳ አለቃ ሀሰን ይስቃል። «አላልኩም ጓድ ሻምበል? መጫወቻ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ በለጠው!»

ሻምበሉ አልሳቀም። መጥቶ ጠመንጃውን ከውባንተ እጅ ነጠቀና ከጎኔ ቆመ። ሩብ ሰዓት ያለው ያን ጊዜ ነበር። ጨልሟል፤ ግን አልጨለመም።

«ልጣጭህ አሁን ይታይሃል?» አለኝ።

አነጣጠርኩ። ማነጣጠሪያዬም ልጣጩም ጠፍተዋል። «አይታየኝም፣ ጌታዬ።»

«ውሃው ዳር ያለውስ እንስሳ?»

ማንአለኝ እንደ ልማዱ የወደቀውን ሊጠብቅ ወርዷል። ከድኩላው አጠገብ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። «ውሻው ነው፣ ጌታዬ።»

«ይታይሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ይታየኛል።»

ተኮሰ። ውሻው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተቀመጠ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ።

«ሃምሳ አለቃ፣» አለ ሻምበሉ፣ «መብራቱ ይሠራል። ዓይን ላለው ሰው።»

ውባንተ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ «ምን ጣሉ? ሁለተኛ ድኩላ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።  ከዚያ ውሻው ተኝቶበት የነበረውን ሣር ዳሰሰና ይጠራው ጀመር። «ማንአለኝ! ማንአለኝ!» ገደሉ መልሶ ይጠራል። ሃምሳ አለቃው ሳቁን አቁሞ ፊቱን አዞረ። እኔ ቢላዬን ይዤ ወደ ድኩላው ወረድኩ፤ በስመ አብ ብዬ አረድኩት፤ ሆዱን ከፍቼ ጉበቱን አወጣሁ። ትልቅ ጉበት ነው፣ ትኩስ፣ ሁለት እጅ የሚሞላ። በቅጠል ጠቀለልኩት። ሥጋውን ወታደሮቹ ተሸክመው ቀደሙን።

ሽቅብ ስንወጣ ውባንተ የኩታዬን ጫፍ ይዞ ነበር። ውሻው መሞቱን ነገርኩት፤ «እሺ» ብቻ አለ። ከመንደሩ በታች ስንደርስ ግን ኩታዬን ጎትቶ አቆመኝ።

«አሸንፈኸኛል፤ የእግዜር ፈቃድ ነው። መብራቱም አንተ እንዳልከው አልሆነልኝ፤ የዓይኔ ጥፋት ይሆናል። አንድ ነገር ልለምንህ። ከጉበቱ ቁራሽ ስጠኝ።»

«ለአንተ?»

«ለእኔማ ፋሲካ ይደርሳል። ለአረጋ ነው። ልጄም እንደ እኔው ነው፤ ከጥምቀት ወዲህ ሲመሽ አያይም። ጠዋት ይወስዱታል። ዛሬ ማታ ጠብሼ፣ መጋዘኑ ድረስ ወስጄ ላብላው። እንዲህ ሆኖ ከሄደ ለዘብ ያቆሙታል፤ ጠላት ሲመጣ አላየሁም ቢል ተኝተህ ነው ብለው ይረሽኑታል። ሂድ ካሉት ይሂድ፤ እያየ ይሂድ። አበልጄ፣ ቁራሽ ብቻ።»

ተንበርክኮ ነበር። እኔ ይታየኛል፤ እሱ የእኔን ፊት አያይም። ቢያይ ኖሮ ምናልባት አልችልም ነበር።

«ሁዳዴ ነው እኮ፣ ውባንተ» አልኩት። «በጾም ሥጋ አብልተኸው ልትልከው ነው? ቢሞትስ በምን ነፍሱ ይሞታል?»

ይህን የነብር ገዳይ አፍ የሚዘጋ ነገር ሌላ አልነበረም። አማተበ። «እውነትህን ነው» አለ። ቤቱ ደጃፍ አድርሼው ሄድኩ።

ቤቴ ስገባ ጋሻዬን ለቀውት ደርሷል። እናቱ ይማርሽ አንገቱን አቅፋ ታለቅሳለች። ሊስመኝ ሲነሳ ምሰሶውን በግንባሩ መታ። እኔና ይማርሽ ተያየን። አንድ ወር ሆኖታል፤ አልተናገርነውም እንጂ እሱንም ጀምሮት ነበር። ጉበቱን ፈታሁት። ይማርሽ በሩን ዘግታ ጠበሰችው፤ ጋሻዬን ነጠላ አከናንባ በእንፋሎቱ ዓይኑን አጠነችው። ሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ ምድጃው ላይ ቁንዶ በርበሬ በተነች።

«ለአረጋ ቁራሽ ላክለት» አለችኝ። «እሱንም ሲደናበር አይቼዋለሁ። የልጅህ ክርስትና አባት ልጅ አይደለም?»

«ለልጄ አይበቃም» አልኳት። ለአራት ልጅ ይበቃ ነበር። የተረፈውን እኔ በላሁት።

ጠዋት አረጋን ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ጋሻዬ ሲመሽ በጎቹን ቆጥሮ አስገባ፤ አንድም አልሳተ። አባቴ ሆይ አልኩ፤ አልቅሼ አመሰገንኩ። ሰው እንደሚያመሰግን።

ለሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሻምበሉ ተመልሶ መጣ። ሃምሳ አለቃው አረጋን በእጁ ይመራዋል። የልጁ ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ ተቦጫጭሯል። ላሊበላ ላይ መኪና እስኪመጣ ዘብ አቁመውት፣ አጠገቡ የደረሰውን ሻምበሉን ራሱን ስላላየ ገረፉት። አላይም አለ። ያስመስላል ብለው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ወደ እሾህ አጥሩ ቀጥ ብለህ ሂድ አሉት። ሄደ። ያኔ አመኑት። ውባንተ ገና ፀሐይ ስላለች የልጁን ፊት አየ፤ በሁለት እጁ ያዘው።

«ዕውር ነው የሰጣችሁኝ» አለ ሻምበሉ ለሊቀመንበሩ። «ኮታችሁ አልተሟላም። ሁለተኛውን ጥራው።»

«ጓድ ሻምበል፣» አልኩ፣ «ቃል ገብተውልኝ ነበር። የመጀመሪያ ደም...»

«ቃሌን ጠብቄ የሱን ልጅ ወሰድኩ። አልሆነም። ሌላ ቃል አለኝ?»

ጋሻዬ ከእርሻ እየመጣ ነበር። ወታደሮቹ መንገድ ላይ ተቀበሉት፤ አንዲት ቃል ሹክ ልለው ጊዜ አላገኘሁም። ሻምበሉ ፀሐይዋ እስክትጠፋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ቆመ። ከዚያ የዚያን ጠመንጃ ጥይት አወጣና ማብሪያዋን ቀጭ አድርጎ መጀመሪያ ለአረጋ ሰጠው።

«ምን ታያለህ?»

«ቀይ ነገር» አለ አረጋ። «ሌላ የለም።»

ለጋሻዬ ሰጠው። ልጄ ጠመንጃ ይወድ ነበር። የመነጽሩ ጎማ ላይ ዓይኑን ሲያሳርፍ ፊቱ ፈገግ አለ። ሳልኩ፤ አልሰማኝም። ክንዴን አወዛወዝኩ፤ ሃምሳ አለቃው አየኝ።

«ምን ታያለህ?»

«ማዶ ወይራ ሥር ፍየል ታስራለች። ቀዩ ጀርባዋ ላይ ነው። አሁን አንገቷ ላይ አደረግኩት። ጆሮዋ የተቆረጠ ነው፣ ግራው።»

«ጋሻዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሲመሽ ዓይንህን የሚያምህን ንገራቸው እንጂ! ጌታዬ፣ እሱም ዳፍንታም ነው፤ ምሰሶ ነው የሚመታው፤ እናቱን ጠይቋት!»

ልጄ መነጽሩን ከዓይኑ አንስቶ በግርምት አየኝ። እውነት ተናጋሪ አድርጌ ነው ያሳደግኩት፤ ለሰው የማልመክረውን ለእሱ መክሬ።

«ያ እኮ ለቀቀኝ፣ አባዬ» አለ። «የድኩላውን ጉበት ከበላሁ ወዲህ ደህና ነኝ።»

ሥጋ፣ በሁዳዴ። ሴቶቹ አማተቡ። ውባንተ ከሕዝቡ መሐል ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ጨልሞ ነበርና አያየኝም፤ ግን በቀጥታ ወደ እኔ ነው ያዞረው። ይማርሽ ኩታዬን ጨምድዳ «ቁራሽ ላክለት አላልኩህም?» አለችኝ። «ልከህለት ቢሆን አረጋ እያየ ይሄድ ነበር። የእኔ ልጅ ይቀርልኝ ነበር።»

«የሚፈለገው ዓይን ይህ ነው» አለ ሻምበሉ። ጠመንጃውን ከልጄ እጅ አልተቀበለውም። «ያዘው። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው።» ሃምሳ አለቃ ሀሰን ከብብቱ ትርፍ ባትሪ ድንጋይ አወጣና የጋሻዬ መዳፍ ውስጥ አኖረለት። «እንዳይበርዳት» አለው።

ያን ማታ ይዘውት ሄዱ። ወደ ላሊበላ የሚያወጣውን ዳገት ወታደሮቹ እየተደናቀፉ ሲወጡ ልጄ ከፊት ሆኖ ድንጋዩን እየነገራቸው ይሄድ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ከታች ሰፈር ሦስት ቤት ሆነው አንዲት ፍየል ለቅርጫ አረዱ። ውባንተ የሥጋ ድርሻውን ሁሉ ትቶ ጉበቱን ብቻ ወሰደ። በነጋታው ፀሐይ ሳለች በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ደጄ ቆመ። ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።

«ግማሹን አረጋና እኔ በላነው» አለ። «ይኸኛው የክርስትና ልጄ ድርሻ ነው።»

የበሩ ደፍ ላይ አኑሮት ሄደ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት አንድ ጅረት ቀድተን፣ አንድ ደብር አስቀድሰን ኖርን፤ ሌላ ቃል አልተናገረኝም። አረጋ አግብቶ ወለደ። ደርግ ወደቀ፤ የተበተነው ጦር በእግሩ በየመንገዱ ሲመለስ ወጥቼ አንድ ወር ሙሉ ፊት ለፊት ቆሜ አየሁ። ስለ ጋሻዬ ሰማሁ የሚል አለ፣ አየሁት የሚል የለም።

ያን የፋሲካ ማግስት ይማርሽ ጉበቱን ጠብሳ አቀረበችልኝና እስክጨርስ ላዬ ላይ ቆመች። በላሁት። ዓይኔ እስከ ዛሬ ደህና ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ወደ ላሊበላ የሚያወጣውን ዳገት እስከ መታጠፊያው አየዋለሁ፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ። የሚመጣበት ሰው የለም።